ሃይማኖት ሳንለይ ለመረዳዳት ተሰባስበናል፤ ሥራውን ከየት እንጀምር?

ጣና_ዳር ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት የምንገናኝ 16 ሰዎች ነን። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ፣ «ፈጣሪን አምናለሁ፤ የአምልኮ ቤት ግን አልሄድም» የሚልም አለ። የሚያገናኘን ለሰው ማዘን ከአፍ ወጥቶ እጅ ላይ ይታይ የሚል ሐሳብ ብቻ ነው። ስለ አውራምባ (እዚሁ አማራ ክልል፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ በእኩልነትና በመረዳዳት ስለሚኖረው ማኅበረሰብ) ያገኘነውን ሁሉ አንብበናል፤ አብዛኛው ግን «ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች» ብሎ ያበቃል። እኛ የምንፈልገው አሠራሩን ነው።

መዋጮው ስንት ይሁን፣ ማንስ ይቀበለው? ስብሰባችን በማን ጸሎት ይከፈት? አብረን ስንበላ ምን እንብላ? ሕጋዊ መዝገብ ያስፈልጋችኋል የሚሉን ሰዎችም አሉ። ከሁሉ የባሰብን ግን ይኼ ነው፦ የአንዷ አባላችን እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ሁላችንም እየሄድን እንጠይቃለን፤ ልጅቷ ግን አሁንም ሌሊቱን ብቻዋን ነው የምታነጋው። ምኑን ነው የሳትነው?

ፎገራ_ሜዳ መለሰ፦

ከአውራምባ ልጀምር። መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታረም፤ አውራምባ ሁሉም ነገር የጋራ የሆነበት መንደር አይደለም። የማኅበረሰቡ አባል መሆንና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኅብረት ሥራው ውስጥ የገባ ሰው እንደ አቅሙ ይመደባል። ሸማኔም ሆነ፣ ወፍጮ ቤትም ዋለ፣ ሕፃናትም ጠበቀ፣ ሲከፋፈል ድርሻው እኩል ነው። መግባት ያልፈለገ የግሉን እየሠራ እዚያው መንደር ይኖራል። ሁሉንም የሚያስተሳስሩት መርሆዎቹ ናቸው፦ የሴቶች እኩልነት፣ የሕፃናት መብት፣ በእርጅናና በሕመም መሥራት ያልቻለን መርዳት፣ ከክፉ ንግግርና ከክፉ ሥራ መራቅ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ወንድምና እህት ማየት።

ለእናንተ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው፤ በገንዘብ ሳይሆን በቀን የሚከፈል መሆኑን ልብ በሉ። በሳምንት አንድ ቀን ጉልበታቸው መሥራት ለማይችሉት ነው። ጧሪ ያጣ ሽማግሌ የሚኖርበት ቤት፣ የሚያገለግለውም የተመደበ ሰው አለው። «ጎረቤት ያየዋል» ተብሎ አይተውም።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። መሥራቹ ዙምራ ኑሩና ጥቂት አብረውት የቆሙ ሰዎች በ1964 ዓ.ም. ሲጀምሩ ገበሬዎች ነበሩ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ተሰደው ቦንጋ አካባቢ ከረሙ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ከመሬታቸው ብዙው ተይዞ 17.5 ሄክታር ያህል ነበር የቀረላቸው። በዚያ መሬት ላይ መቶዎች አርሰው አይበሉም። ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ የዞሩት ስለዚህ ነው። በእጃቸው የነበረው ጉልበት ስለነበር መረዳጃውን የሠሩት ከጉልበት ነው።

እናንተም እንደዚያው አድርጉ። እያንዳንዱ አባል በወር አራት ሰዓት ጉልበት ይስጥ፤ ለ16 ሰው 64 ሰዓት ይሆናል። አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ግን ጨምሩ፦ ጉልበት በብር አይተካም። ይህ ካልተጻፈ ገቢው ደህና የሆነው ሰው በሦስተኛው ወር 500 ብር ልኮ ይቀራል፣ ሥራው አቅም የሌላቸው ላይ ይወድቃል፣ በስድስተኛው ወር ማኅበሩ ሰጪና አገልጋይ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

ማን ይረዳ የሚለውን ደግሞ ሰጪው አይወስን። ሦስት ሰው ምረጡ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ በየስድስት ወሩ ይቀየሩ። ችግርን የሚሰሙት እነሱ ብቻ ናቸው። ቸገረኝ ማለት በ16 ሰው ፊት ከሆነ በጣም የተቸገረው ዝም ይላል፣ ደፋሩ ይናገራል።

የዕድር_ጸሐፊ መለሰ፦

በጉልበቱ እስማማለሁ፤ ግን መድኃኒት በጉልበት አይገዛም። ገንዘቡን እንዲህ ያዙት።

ወርኃዊ መዋጮው አነስተኛ ገቢ ያለው አባል ሳይበደር ሊከፍለው በሚችለው ልክ ይቆረጥ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን። 100 ብር ብትሉ በወር 1,600፣ በሦስት ወር 4,800 ነው። በሦስቱ ወራት ከሐዘን በቀር አትንኩት። ተጨማሪ መስጠት ለሚፈልግ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው አብረው ይክፈቱት፣ ማን ስንት እንደከተተ አይመዝገብ። «እንደየአቅም ይከፈል» የሚለው ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው፤ ዝርዝሩ ሲነበብ ግን የድኾች ስም ዝርዝር ይሆናል።

ብድር ብሎ ነገር አትጀምሩ። የምትሰጡት ስጦታ ይሁን። ከፍሎ መመለስ ያቃተው አባል ከዕዳው በፊት ከስብሰባው ነው የሚቀረው፤ ብሩንም ሰውየውንም ታጣላችሁ። ብድርና ቁጠባ ለፈለገ ዕቁብ አለለት። ለአንድ ጊዜ እርዳታ ካለው ሒሳብ ከሢሶ በላይ አይውጣ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ታማሚ ሁሉን ጨርሶት ሁለተኛው ባዶ ካዝና ያገኛል።

ሁለት መዝገብ ያዙ። አንደኛው ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪና ፊርማ ያለበት ሆኖ ተቀባዩ በቁጥር ብቻ ይጻፍበት፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ሁለተኛው መዝገብ ጸሐፊው ጋ ተቆልፎ ይቀመጥ። ባንክ ላይ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ባልና ሚስት አብረው ፈራሚ አይሁኑ። ገንዘብ ያዡ የፈለገውን ያህል ደግ ሰው ቢሆን በየዓመቱ ይቀየር። ጥርጣሬ የሚጀምረው ሌባ ስለተገኘ አይደለም፤ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ስለከረመ ነው።

ስለ ሕጉ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። የእናንተ ቅርጽ ከዕድር የራቀ ስላልሆነ ለመጀመር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤና ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ ይበቃችኋል። ሒሳብ ለመክፈት ባንኩ የሚፈልገውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ከውጭ ለጋሽ ገንዘብ መቀበልና ፕሮጀክት መሥራት ካማራችሁ ግን በአዋጁ መሠረት እንደ ድርጅት መመዝገብ ግድ ነው። ያኔ ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ምርመራ አለ፣ የአስተዳደር ወጪም ከ20 በመቶ ማለፍ አይችልም። ለ16 ሰው ይህ ሁሉ ሸክም ነው፤ እኔ አልመክርም።

ሌላ ነገር፦ በደንቡ ላይ «እምነት» የምትል ቃል አታስገቡ። «የመረዳጃ ማኅበር» በሉ። አዲስ ሃይማኖት የመሠረታችሁ ከመሰለ ከቢሮው በፊት የአባሎቻችሁ ቤተሰቦች ናቸው የሚነሡባችሁ።

ቤት_ለቤት_ነርስ መለሰች፦

እኔ ወደ ታማሚዋ ልግባ፣ ቀን የማይሰጠው እሱ ነው።

ያላችሁት ጥየቃ ነው፣ ማስታመም አይደለም። ጠያቂ ወንበር ይሳብለታል፣ ቡና ይፈላለታል፣ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይሄዳል፤ ልጅቷ እናቷንም ጠያቂውንም ስታስተናግድ ትውላለች። ስለዚህ ተረኛና ጠያቂ ይለዩ። ጠያቂ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት ብቻ ይምጣ። ተረኛ ሆኖ የመጣ ሰው ቡና አይፈላለትም፣ ውሃውን ራሱ ቀድቶ ይጠጣል።

ከ16ቱ ልጅቷንና አቅም የሌላቸውን ስትቀንሱ 12 ሰው ይቀራችኋል እንበል። ሙሉ ቀኑን እንያዝ ብትሉ ሥራ ያለው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰበራል። ሌሊቱን ብቻ ያዙ፤ ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 12። ለ12 ሰው ተራው በ12 ቀን አንዴ ነው የሚደርሰው፣ ይህን ማንም ይችላል። ልጅቷ ሌላ ክፍል ትተኛ። እዚያው ክፍል ከተኛች ትነቃለች፣ ስለዚህ ምንም አልረዳችኋትም።

ተረኛው ሌሊቱን የሚሠራው ይኼን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሴትዮዋን መገልበጥ፦ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ፣ ጀርባ። ግድግዳ ላይ ሰዓትና አቅጣጫ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ። በጎን ስትተኛ ዳሌ አጥንቷ ላይ ቀጥ ብላ አትተኛ፤ ከጀርባዋ ትራስ ደግፋችሁ ዘንበል ብቻ ትበል። ጉልበቶቿ መሐል ትራስ አስገቡ። በጀርባዋ ስትተኛ ትራሱ ከባቷ ሥር ይሁን፣ ተረከዟ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ይቅር፤ በእጅ መዳፍ አረጋግጡ፣ መዳፍ ካለፈ ልክ ነው። ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ በብብቷ ይዛችሁ አትጎትቱ። ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተይዞ ይቀራል፣ ሥጋው ብቻ ይሄዳል፤ ቁስሉ ከውስጥ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከዳሌዋ ሥር የታጠፈ አንሶላ ይነጠፍ፣ ሁለት ሰው በአንሶላው አንሥቶ ያንቀሳቅሳት። ስለዚህ ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ምሽት 3 ሰዓት ላይ፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ሳላችሁ፣ ይህን ጨርሱት።

ቆዳዋን በቀን ሁለት ጊዜ እዩ፦ ከወገብ በታች መቀመጫው አጥንት ላይ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ። መጽሐፍ «መቅላት» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጠቆር ካለ፣ በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከጠነከረ ወይም እንደ ሊጥ ከላላ ጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አታስተኟት፣ አትሹት፣ ቅባት ለማስገባት ብላችሁ አታፍትጉት። ከጨርቅ የተጠቀለለ ቀለበትም አታድርጉ፤ የመሐሉን ያሳርፋል ብለው ነው የሚያደርጉት፣ ግን ዙሪያውን ጨቁኖ ደም ይከለክለዋል።

ስታበሏት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ አገጯ ወደ ደረቷ ዝቅ ይበል፣ በትንሽ ማንኪያ ይሁን፤ ከበላች በኋላ 30 ደቂቃ አትተኛ። እየዋጠች ካሳላት ወይም ድምፅዋ ውሃ የሞላው ከመሰለ አቁሙና ባለሙያ ያሳዩ።

ደብተር ከአልጋው ራስጌ ይሰቀል፦ ሰዓት፣ የተኛችበት ጎን፣ የጠጣችው በብርጭቆ፣ ሽንት፣ የቆዳ ሁኔታ፣ የተረኛው ስም። መድኃኒቱን በጠዋትና በማታ ከፋፍላ በሣጥን የምታስቀምጠው ልጅቷ ብቻ ትሁን፤ ተረኛው ከሣጥኑ የዚያን ሰዓት ብቻ ሰጥቶ ይፈርማል። አለዚያ ሁለት አዛኝ ሰዎች የደም ግፊቱን ኪኒን ሁለቴ ይሰጧታል። ቆዳው ከተከፈተ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሰው መለየት ካቃታት ደብተሩን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ሐኪሙን የሚረዳው እሱ ነው።

ገላ ማጠቡን ሴቶች ብቻ ይውሰዱ ካላችሁ (እሳቸውም ያንን ሳይፈልጉ አይቀሩም፣ ጠይቋቸው) ወንዶቹ አንሶላና ልብስ ማጠቡን ይውሰዱ። በጠዋት፣ በእጅ፣ በየቀኑ። ፎገራ ሜዳ የጠቀሰው እኩልነት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው።

ሁለት_ድስት መለሰ፦

ስለ ማዕዱ ባጭሩ። ሁልጊዜ የጾም ምግብ ይሁን፣ በዓልም ቢሆን። ሥጋ ከገባ «ማን ባረከው» ይመጣል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ በተለየ ሳሕን እናቅርብ ካላችሁ ደግሞ አንድ ማዕድ መሆኑ ቀረ። ሽሮና ምስር ግን ሁሉንም ያገናኛል፣ ኦርቶዶክሱም በጾም ወራት ሳይቸገር ይቀርባል። የማኅበሩ ድስት ለብቻው ይገዛ፣ ቅቤና ሥጋ ነክቶት አያውቅም እንዲባል፤ ከሰው ቤት የመጣ ድስት ላይ ጥያቄ ይነሣል። ለ16 ሰው አንድ ኪሎ ሽሮ ከአራት ሊትር ያህል ውሃ ጋር፣ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ 36 እንጀራ። በረመዳን ማዕዱ ይቅር፤ ወይም ሰዓቱ ወደ ማፍጠሪያ ይዛወርና ቴምር ይጨመር።

የመክፈቻ ጸሎትን በተራ እናድርግ የሚል ሰው አይጠፋም። አትቀበሉት። በተራ ሲሆን ሌላው ሰው የእሱ ያልሆነ ጸሎት ላይ አሜን ለማለት ይገደዳል፣ አሜን ያላለው ደግሞ ይታያል። አምስት ደቂቃ ዝምታ፣ በሰዓት፤ እያንዳንዱ በልቡ የፈለገውን ይበል።

ፎገራ_ሜዳ መለሰ፦

@ሁለት_ድስት ዝምታው ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ባዶ እንዳይሆን ፈራሁ። አውራምባ ውስጥ የአምልኮ ቤት የለም፣ ፈጣሪን ግን ያምናሉ፤ አምልኮው መልካም ሥራው ነው ይላሉ። ስለዚህ ከዝምታው ቀጥሎ የሳምንቱ ደብተር ይነበብ፦ ማን ተረኛ ነበር፣ የቱ ሌሊት ክፍት ቀረ፣ የማን ጣሪያ ያፈሳል። ስብከት የሚጀምር ሰው ካለ ደብተሩ ራሱ ያቋርጠዋል።

ጠብ ሲነሣ ደግሞ በእሑዱ ስብሰባ አታንሡት። አውራምባ ቅሬታ የሚሰማ የተለየ ኮሚቴ አለው፤ ቤተሰብም በየ15 ቀኑ ተቀምጦ ይነጋገራል፣ ልጆችም ይናገራሉ። የተቀየመ ሰው ለአንድ ሽማግሌ ይናገር፣ ሽማግሌው በሰባት ቀን ውስጥ ሁለቱን ያቀራርብ። ከዚያ በፊት ለሦስተኛ ሰው የነገረ ጥፋተኛ ይሁን፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ የትም ይሁን፣ ሐሜቱ ነው የሚያፈርሳችሁ።

ጣና_ዳር ጠየቀ፦

ሁላችሁንም ፈጣሪ ይስጥልን። ሌሊቱን ከነገ ጀምረን እንይዛለን፣ ወረቀቱንም ዛሬ እንለጥፋለን። ለመናገር የከበደኝን ልጠይቅ፦ እናትዮዋ ሙስሊም ናቸው። አይበለውና ቢያርፉ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ከእኛ መካከል «እኛም እንደ አውራምባ ያለ ድግስና ያለ ለቅሶ እንቅበር» የሚል አለ።

የዕድር_ጸሐፊ መለሰ፦

አይሆንም። አውራምባዎች ሟችን ቶሎ ቀብረው ወደ ሥራ ይመለሳሉ፣ ተዝካር የለም፤ ያ ግን ራሳቸው ተስማምተው ለራሳቸው የያዙት ነው። የእናንተ አባል ቤተሰብ አልተስማማም። ሥርዓቱ የሟችና የቤተሰቡ ነው። ሴትዮዋ መናገር እየቻሉ ሳለ ልጃቸው ትጠይቃቸው፦ የት፣ ማን ያጥባቸው፣ ከየትኛው መስጊድ ሰው ይጠራ። መልሱ በሁለት መስመር ይጻፍና ጸሐፊው ጋ ይቀመጥ።

የማኅበሩ ድርሻ ከሥርዓቱ ውጭ ያለው ሁሉ ነው። ድንኳንና ወንበር፣ ውሃ በጀሪካን፣ መኪና፣ ለዘመድ ስልክ መደወል፣ ሦስት ቀን ምግብ ማቅረብ። ምግቡን የሚሠሩት የማኅበሩ ሙስሊሞች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ካልሆነ ያው ሽሮና ምስር። የሙስሊም ቀብር ብዙ ጊዜ እዚያው ቀን ነው የሚፈጸመው፣ እሑድ ወይም በዓል ቢውል ባንክ ዝግ ነው። ቅድም ካልኩት ሒሳብ ላይ ከሢሶው ያልበለጠ ብር ገንዘብ ያዡ እጅ በጥሬው ይቀመጥ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ሁለት ሰው የፈረሙበት። ፖስታው ሲከፈት በማግሥቱ ይተካ።

ቤት_ለቤት_ነርስ መለሰች፦

አንድ ነገር ልጨምር። እናትዮዋ ሲያርፉ ተራው አይቋረጥ፤ ሌላ 12 ቀን ይቀጥል። ልጅቷ ለሁለት ወር በየሁለት ሰዓቱ ስትነቃ የከረመች ሰው ናት፣ ከዚያ በኋላም በዚያው ሰዓት ትነቃለች። ተረኛዋ መጥታ ሌላኛው አልጋ ላይ ትተኛ። ማውራት አያስፈልግም፤ ልጅቷ ከነቃች ሻይ ታፍላላት።